በሪሞት የሚያስነሳ መሣሪያ ሲገጠም የመኪናን የማስነሻ ሽቦዎች ለይቶ ማወቅ

በካናዳ ኤድመንተን ወይም በአሜሪካ ሚኒያፖሊስ አንድ ክረምት ያሳለፈ ሰው፣ መኪናን ከቤት ሳይወጡ በሪሞት አስነስቶ ማሞቅ ቅንጦት እንዳልሆነ ያውቃል። ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ በሚደርስበት ማለዳ የፊት መስታወቱ በውጭ ብቻ ሳይሆን በውስጥም በረዶ ይይዛል፤ የሞተር ዘይቱ ይወፍራል፤ መሪውን በባዶ እጅ መያዝ ያስቸግራል። ያገለገለ ኮሮላ ወይም ካምሪ ገዝተው ገና ሳይነጋ ለሥራ የሚወጡ ወገኖቻችን ይህን መሣሪያ የሚፈልጉት በዚህ ምክንያት ነው። መሣሪያውን ገዝተው ራሳቸው ለመግጠም የሚነሱም አሉ፤ ሥራው ትዕግሥት ላለው ሰው የማይቻል አይደለም። ነገር ግን ከመሪው ሥር ከሚወርዱት ወፋፍራም ሽቦዎች መካከል የትኛው ምን እንደሚሠራ በእርግጠኝነት ሳይለዩ መቀጠል፣ ሞተሩ አልነሳ ከማለቱ አልፎ ሽቦ እስከ ማቃጠል ሊያደርስ ይችላል።

በአውቶ ኤሌክትሪክ ሥራ በቆየሁባቸው ዓመታት አጥብቄ የያዝኩት አንድ ነገር አለ። የማስነሻ ሽቦ ማንነቱ የሚታወቀው ቁልፉ ከማረፊያ ወደ ማረፊያ ሲዞር፣ በተለይም ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳው ሞተሪኖ በሚሽከረከርበት በዚያ አንድ ሁለት ሰከንድ ውስጥ፣ ሽቦው የሚያሳየውን ጠባይ በመለካት ነው። የሽቦ ቀለም፣ ከጓደኛ የተላከ ሥዕል፣ በሌላ ዓመት ሞዴል ላይ የተገኘ ልምድ፣ እነዚህ ሁሉ የት መፈለግ እንደሚገባ ይጠቁማሉ እንጂ ለመቁረጥና ለማገናኘት በቂ ማስረጃ አይሆኑም።

መጀመሪያ መኪናውን መለየት

ይህ መመሪያ የሚያገለግለው ካምቢዮው አውቶማቲክ ለሆነና ቁልፍ ተሰክቶ ለሚዞር መኪና ነው። በእጅ ማርሽ የሚነዳ መኪና ማርሽ ውስጥ እንደገባ በሪሞት ከተነሳ፣ ሞተሪኖው ብቻውን መኪናውን ወደፊት ሊገፋው ይችላል፤ ፊቱ ቆሞ የሚገኝ ሰው ወይም ግድግዳ ምን እንደሚገጥመው መናገር አያስፈልግም። ስለዚህ ለእንዲህ ዓይነቱ መኪና ተብሎ ያልተሠራ መሣሪያ ፈጽሞ አይገጠምበትም።

አዝራር ተጭነው የሚያስነሷቸው መኪናዎች ደግሞ ሌላ ዓለም ናቸው። ከአዝራሩ ጀርባ ኃይል የሚሸከም ወፍራም ሽቦ አይገኝም፤ አዝራሩ ለኮምፒውተሩ ትእዛዝ ብቻ ያስተላልፋል፣ ኃይሉን በሪሌዎች፣ ማለትም በትንሽ ኃይል ታዘው ትልቁን ኃይል በሚያበሩና በሚያጠፉ ማብሪያዎች፣ አማካይነት የሚያከፋፍለውም ኮምፒውተሩ ነው። ለእነዚህ የሚያስፈልገው ከመኪናው የመረጃ መስመር ጋር የሚግባባ ሞጁል ስለሆነ፣ ቮልት በሚለካው ቴስተር ሽቦ ፍለጋ መውጣት ጊዜ ማባከን ብቻ ይሆናል። በናፍጣ የሚሠራ መኪና ላይ ግን ሽቦ የመለየቱ ሥራ ያው ነው፤ ልዩነቱ መሣሪያው ማሞቂያ ካንዴላዎቹ እስኪግሉ ድረስ የሚጠብቅ እንዲሆን ማስተካከል ያስፈልጋል።

ማብሪያው ኃይልን የሚያከፋፍልበት መንገድ

በሪሞት የሚያስነሳው መሣሪያ ሥራ፣ የሰው እጅ ቁልፉን ሲያዞር የሚሆነውን ሁሉ በዚያው ቅደም ተከተል መድገም ነው። ስለዚህ ቁልፉ ሲዞር ምን እንደሚሆን በቅድሚያ ማወቅ ይገባል። ቶዮታን እንደ ምሳሌ ልውሰድ፣ ምክንያቱም አብዛኞቻችን እጅ ውስጥ ያለው እሱ ነው። ቁልፉ አራት ማረፊያዎች አሉት፤ ሎክ፣ ኤሲሲ፣ ኦን እና ስታርት። ቁልፉ ከሚያዞረው ማብሪያ ጀርባ የሚወጡት ሽቦዎች በቶዮታ የሽቦ ሥዕሎች ላይ የየራሳቸው ስም ተሰጥቷቸዋል። ኤኤም1 እና ኤኤም2 የሚባሉት ከባትሪ፣ እያንዳንዳቸው በራሳቸው ፊውዝ በኩል፣ ወደ ማብሪያው ኃይል ይዘው የሚገቡ ናቸው። ከኤኤም1 የሚቀዱት ኤሲሲ እና አይጂ1 ሲሆኑ፣ ከኤኤም2 የሚቀዱት አይጂ2 እና ወደ ሞተሪኖው ሪሌ የሚሄደው ኤስቲ2 ናቸው። በአንዳንድ ሞዴሎች ላይ ኤስቲ1 የሚባል ተጨማሪ ሽቦም አለ።

ስሙ ከመኪና መኪና ይለያይ እንጂ ጠባያቸው በየትኛውም ቁልፍ በሚዞር መኪና ላይ ያው ነው። ቋሚ ኃይል የሚባለው ሽቦ ቁልፉ ተነቅሎ ኪስ ውስጥ ሳለም 12 ቮልት ያሳያል፤ ባትሪው ሙሉ ከሆነ ንባቡ 12.6 ይደርሳል። አክሰሰሪ የሚባለው፣ ማለትም ሬዲዮንና የስልክ መሙያውን የመሳሰሉትን የሚመግበው፣ ቁልፉ ኤሲሲ ላይ ሲደርስ ሕይወት ያገኛል፣ ኦን ላይም እንደዚያው ይቆያል፣ ቁልፉ ስታርት ላይ ሲደርስ ግን ወደ ዜሮ ይወርድና ቁልፉ ሲለቀቅ ይመለሳል። መኪና ሠሪዎቹ ይህን ያደረጉት ሞተሪኖው የባትሪውን አቅም በሙሉ እንዲያገኝ ነው። ኢግኒሽን የሚባለው ኤሲሲ ላይ ዜሮ ነው፤ ኦን ላይ 12 ቮልት ይሆናል፤ ስታርት ላይም ሳይጠፋ ይቆያል፣ ምክንያቱም ሞተሩ እየተሽከረከረ ካንዴላው ካልተኮሰና ቤንዚን ካልተረጨ ሊነሳ አይችልም። የሞተሪኖው ሽቦ ደግሞ በሎክም፣ በኤሲሲም፣ በኦንም ዜሮ ሆኖ ስታርት ላይ ብቻ ይነሳል።

እነዚህን አራት ጠባዮች ያነበበ ሰው፣ ኢግኒሽንንና አክሰሰሪን በእርግጠኝነት የሚለያያቸው ስታርት ላይ የሚደረገው ልኬት መሆኑን ያስተውላል። ብዙ ሰው ቁልፉን ኦን ላይ አድርጎ 12 ቮልት ሲያገኝ «ኢግኒሽኑን አገኘሁት» ብሎ ያገናኛል። ያገናኘው አክሰሰሪውን ከሆነ፣ በሪሞት ሲሞክር ሞተሪኖው እየዞረ ሞተሩ አይነሳም፤ ሰውየውም ጥፋቱን በመሣሪያው ላይ ያደርጋል።

መለኪያው እና ጥንቃቄው

ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው ዲጂታል ቴስተር ነው። በድሮ ጊዜ ጋራዥ ውስጥ እንጠቀምበት የነበረው ባለ አምፖል የሙከራ ዘንግ ለእርሻ መኪናና ለአሮጌ ፒካፕ ጥሩ አገልግሎት ሰጥቷል፤ ኤርባግና ኮምፒውተር ባለው መኪና ላይ ግን አምፖሉ የሚስበው ኃይል የኤርባግ መስመርን ሊያፈነዳ ወይም የኮምፒውተር መውጫን ሊያቃጥል ይችላል። አብዛኞቹ ዲጂታል ቴስተሮች 10 ሜጋ ኦም የሚሆን ውስጣዊ መቋቋም ስላላቸው ከሚለካው ሽቦ የሚስቡት ኃይል ኢምንት ነው። ከመሪው ሥር በቢጫ ቱቦ የተሸፈነ ሽቦ ወይም ቢጫ ሶኬት ካዩ የኤርባግ መሆኑን ይወቁና አይንኩት፣ አይለኩትም።

የመሪውን ዘንግ የታችኛውን ሽፋንና ከጉልበት በላይ ያለውን የዳሽቦርድ ፓነል ከማንሳትዎ በፊት የባትሪውን ኔጋቲቭ ይንቀሉ፤ ቶዮታ ኔጋቲቩ ከተነቀለ በኋላ ቢያንስ 90 ሰከንድ መጠበቅ እንደሚገባ ይመክራል፣ ይኸውም በኤርባጉ ኮምፒውተር ውስጥ የተጠራቀመው ኃይል እንዲያልቅ ነው። ሽፋኑ ከተነሳ በኋላ ለመለካት ባትሪውን መልሰው ማሰር ግድ ይሆናል። ባትሪው ሲመለስ እጅም ካቻቢቴም ከክፍት ሶኬቶች የራቀ ይሁን።

ቁልፍ የሚሰካበትን ሲሊንደር ሲመለከቱ ሁለት ዓይነት ሽቦ ያገኛሉ። ከቁልፉ ቀዳዳ ዙሪያ ካለው ቀለበት የሚወጡት ቀጫጭኖቹ የቁልፉን ቺፕ የሚያነቡ ናቸውና እነሱ ለሌላ ጊዜ ይቆዩ። እርስዎ የሚፈልጉት ከሲሊንደሩ ሌላኛው ጫፍ፣ ከኤሌክትሪክ ማብሪያው፣ በአንድ ሶኬት ተጠቃለው የሚወጡትን ወፍራሞቹን ነው። ስድስት፣ ሰባት፣ አንዳንዴ ስምንት ሊሆኑ ይችላሉ።

ልኬቱን በተግባር

ቴስተሩን በዲሲ 20 ቮልት ላይ ያድርጉት። ጥቁሩን ዘንግ ባለሙያዎች ማሳ በሚሉት የመኪናው ብረት ላይ፣ ማለትም ቀለም ባልተቀባ ብሎን ላይ፣ አጥብቀው ያሲዙ፤ ማሳው ጥሩ መሆኑን ለማረጋገጥም ቀዩን ዘንግ መጀመሪያ ኃይል እንዳለበት በሚያውቁት የፊውዝ እግር ላይ ይሞክሩ። ማሳው ልል ከሆነ ከዚያ በኋላ የሚያነቡት ቁጥር ሁሉ ውሸት ይሆናል፤ ይህን ሙከራ ዘለው ግማሽ ቀን የደከሙ ሰዎችን አውቃለሁ። ሽቦውን መብሳት አያስፈልግም። ቀጭን መርፌ በሶኬቱ ጀርባ፣ ሽቦው በሚገባበት በኩል፣ ብረቱን እስኪነካ ድረስ ማስገባት ይበቃል። የተበሳ ሽቦ በጨውና በእርጥበት ውስጥ ውሎ አድሮ አረንጓዴ ዝገት ያበቅላል፤ በክረምት ጨው በሚረጭባቸው ከተሞች ይህ በተለይ ፈጣን ነው።

እያንዳንዱን ሽቦ በአራቱም ማረፊያዎች ይለኩ እንጂ፣ በአንዱ ማረፊያ ሁሉንም ለክተው ወደሚቀጥለው አይለፉ። እኔ የማደርገው እንዲህ ነው። አንድ ወረቀት ላይ የሽቦዎቹን ቀለምና በሶኬቱ ውስጥ ያሉበትን ቦታ እጽፋለሁ፤ ከዚያ በአንዱ ሽቦ ላይ መርፌውን ተክዬ ረዳቴ ቁልፉን ከሎክ ወደ ኤሲሲ፣ ወደ ኦን፣ ወደ ስታርት እንዲያዞር፣ መልሶም ወደ ሎክ እንዲያመጣ አደርጋለሁ፤ በየማረፊያው ያየሁትን ቁጥር ወዲያው እጽፋለሁ። ረዳቱ እግሩን ፍሬን ላይ አድርጎ ይቀመጣል፤ የእጅ ፍሬኑ ይሳባል፤ ካምቢዮው ፓርክ ላይ ይሆናል፤ በሩ ክፍት በሆነ ቦታ እንጂ በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ አይደረግም።

ስታርት ላይ የሚደረገው ልኬት አስቸጋሪ የሚሆነው ጤናማ ሞተር በአንድ ሰከንድ ውስጥ ስለሚነሳና የቴስተሩ ቁጥር ለመርጋት ጊዜ ስለሚፈልግ ነው። በቶዮታ ላይ ኢኤፍአይ የሚል ምልክት ያለውን ፊውዝ ለጊዜው ማንሳት ሞተሪኖው እየዞረ ሞተሩ እንዳይነሳ ያደርጋል፤ በዚህ ሁኔታ ከአምስት ሰከንድ ሳያልፉ፣ በመካከሉም ሞተሪኖውን እያሳረፉ፣ ንባቡን በእርጋታ መውሰድ ይቻላል። ቴስተርዎ ዝቅተኛውንና ከፍተኛውን ቁጥር የሚይዝ ከሆነ ደግሞ ይህም አያስፈልግም።

ሞተሪኖው ሲዞር ባትሪው ራሱ ስለሚጎተት እውነተኛው ኢግኒሽንም 12 ቮልት ላይ አይቆይም፤ 10 ቮልት አካባቢ፣ በብርድ ደግሞ ከዚያ ትንሽ ዝቅ ማለቱ የተለመደ ነው። ይህን «ጠፋ» ብለው አይቁጠሩት። አክሰሰሪ ሲጠፋ ወደ ዜሮ ነው የሚሄደው፤ ጥርጣሬ ካደረብዎ በዚያው ቅጽበት የባትሪውን ቮልት ለክተው ያነጻጽሩ፣ ሁለቱ እኩል ከወረዱ ሽቦው አልተቋረጠም ማለት ነው።

ሁለተኛው ኢግኒሽን የሚረሳበት ምክንያት

አብዛኛው ሰው አንድ ኢግኒሽን ሽቦ ሲያገኝ ፍለጋውን ያቆማል። እኔም አንድ ጊዜ አቁሜያለሁ። አንዲት ጎረቤቴ በሆስፒታል የሌሊት ፈረቃ ትሠራ ነበር፤ ለኮሮላዋ መሣሪያ ስገጥምላት አይጂ2ን አግኝቼ አገናኘሁ፣ በሪሞት ሞከርኩ፣ ሞተሩ ወዲያው ተነሳ፣ ሥራው አለቀ ብዬ ሽፋኑን መለስኩ። በማግስቱ ጠዋት ሃያ ደቂቃ ሙሉ ሞተሩ ሲሠራ ከቆየው መኪና ውስጥ ስትገባ የፊት መስታወቱ በረዶ እንደሆነ ነበር። ሞተሩ ሞቋል፤ ነፋሱን የሚያወጣው ማራገቢያ ግን አልሠራም። በብዙ ቶዮታዎች ላይ አይጂ2 የሚመግበው ካንዴላውንና የቤንዚን መርጫውን የመሰለውን ለሞተሩ መነሳት የሚያስፈልገውን ክፍል ሲሆን፣ ማሞቂያውን፣ የዳሽቦርድ ሰዓቶቹንና የዝናብ መጥረጊያውን የሚመግበው አይጂ1 ነው። እኔ ለሞተሩ ብቻ ሕይወት ሰጥቼ ማሞቂያውን ትቼዋለሁ። ይህቺ ሴት ያን ሁሉ ገንዘብ ያወጣችው ለማሞቂያው ሲባል እንደነበር ሳስበው እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ስለዚህ በወረቀትዎ ላይ ከቋሚ ኃይሎቹ ሌላ ኦን ላይ 12 ቮልት ያሳዩትን ሽቦዎች በሙሉ ይቁጠሩ፤ ሁሉም መመገብ አለባቸው። ኦን ላይ ኖሮ ኤሲሲ ላይ የሌለ፣ ስታርት ላይም የሚጠፋ ሽቦ ካገኙ አይገረሙ። ይህ ብዙ ጊዜ ማራገቢያውንና የመሳሰሉትን ከባድ ጭነቶች የሚመግብ ነው፤ ከመሣሪያው የአክሰሰሪ መውጫ ጋር ይገናኛል፣ ምክንያቱም እንደ አክሰሰሪ ሁሉ ሞተሪኖው ሲዞር መጥፋት አለበት። ሁለት ኢግኒሽን ሽቦዎችን ግን በአንድ ላይ አጣምረው በአንድ መውጫ አይመግቡ። መኪና ሠሪው በሁለት ፊውዝ የለያያቸውን መስመሮች አንድ ማድረግ አንዱ ፊውዝ የሁለቱን ጭነት እንዲሸከም ያስገድደዋል፤ መፍትሔው መሣሪያው የሚሰጠውን ሁለተኛ የኢግኒሽን መውጫ መጠቀም፣ ከሌለው ደግሞ ለሁለተኛው ሽቦ የራሱን ሪሌ መጨመር ነው። በተመሳሳይ ምክንያት መሣሪያውን ከአንድ ቋሚ ኃይል ብቻ ከመመገብ፣ ኤኤም1ንም ኤኤም2ንም መጠቀም ይመረጣል።

የሚያሳስቱ ነገሮች

የመጀመሪያው አሳሳች ቀለም ነው። በቫይፐርና በአቪታል ስም በሚሸጡት መሣሪያዎች ላይ ወፍራሙ ቀይ ቋሚ ኃይል፣ ሮዙ ኢግኒሽን፣ ብርቱካንማው አክሰሰሪ፣ ወይን ጠጁ የሞተሪኖ ነው። ይህ የመሣሪያው ቀለም እንጂ የመኪናው አይደለም፤ ቀዩን ከቀይ ጋር አገናኝቶ መሥራት የሚመስለው ሰው በመጀመሪያው ቀን ፊውዝ ያቃጥላል።

ሁለተኛው፣ ቁልፉ ከተነቀለ በኋላ ኃይል ይዞ የሚቆይ መስመር ነው። በጄኔራል ሞተርስ መኪናዎች ላይ ሬዲዮውና የመስኮቱ መስመር በሩ እስኪከፈት ድረስ ሕይወት ይዞ ይቆያል። በሩን ሳይከፍቱ የለካ ሰው ይህን ሽቦ ቋሚ ኃይል ነው ብሎ ሊወስደው ይችላል። ሁልጊዜ ቁልፉን ነቅለው፣ በሩን ከፍተው ዘግተው፣ ጥቂት ደቂቃዎች ጠብቀው እንደገና ይለኩ። ሦስተኛው፣ ቁልፉ መሰካቱን ብቻ የሚያሳውቀው ቀጭን ሽቦ ነው፤ ቁልፉ ሲሰካ ኃይል ያሳያል፣ ሲነቀል ይጠፋል፣ ሲዞር ግን አይለወጥም። ቀጭን ሽቦ ላይ ብዙ አምፔር የሚሸከም መውጫ ማገናኘት አይቻልም።

አራተኛው ብዙዎችን ግራ የሚያጋባው ነው። በአንዳንድ መኪናዎች፣ በተለይም ከ2000 ወዲህ በተሠሩ በርካታ የክራይስለር ሞዴሎች ላይ፣ ማብሪያው በየማረፊያው የተለያየ መቋቋም ባላቸው ትንንሽ ሪዚስተሮች አማካይነት በአንድ ቀጭን ሽቦ ላይ የተለያየ ቮልት ለኮምፒውተሩ ይልካል። ሽቦው ኤሲሲ ላይ አንድ ቁጥር፣ ኦን ላይ ሌላ፣ ስታርት ላይ ደግሞ ሌላ ያሳያል። እንዲህ ያለ ንባብ ካገኙ ሙሉ 12 ቮልት በቀጥታ አይስጡት፤ ለዚያ መኪና የተሠራ የመረጃ ሞጁል ይፈልጋል።

በአውሮፓ የሚኖሩ አንባቢዎች ደግሞ በጀርመን መኪናዎች ሶኬቶችና ሥዕሎች ላይ ቁጥር ያያሉ። ዲን 72552 በሚባለው የጀርመን ደረጃ መሠረት 30 ቋሚ ኃይል፣ 15 ኢግኒሽን፣ 50 የሞተሪኖ፣ 31 ማሳ ነው። በፎልክስዋገን ላይ ሞተሪኖው ሲዞር ከባድ ጭነቶችን የሚያቋርጠው 75 ወይም ኤክስ የሚባለው ነው። ቁጥሩ ቀለምን ከማመን እጅግ የተሻለ ነው፤ በቴስተር ማረጋገጡ ግን አይቀርም። በጀርመን ሞተርን ያለ አስፈላጊ ምክንያት ቆሞ ማሠራት በትራፊክ ደንቡ የተከለከለ መሆኑንም ከመግዛት በፊት ማወቅ ይገባል።

የሞተሪኖው ሽቦ የሚገናኝበት ቦታ

ከሁሉም በላይ የማስጠነቅቀው በዚህ ላይ ነው። በአውቶማቲክ መኪና ላይ ካምቢዮው ፓርክ ወይም ኒውትራል ላይ ካልሆነ ሞተሪኖው እንዳይዞር የሚከለክል ማብሪያ ከካምቢዮው ጋር ተያይዞ አለ። ከቁልፉ ማብሪያ የሚነሳው የሞተሪኖ ትእዛዝ በዚህ ማብሪያ በኩል አልፎ ነው ወደ ሞተሪኖው የሚደርሰው። እርስዎ ከመሪው ሥር፣ ከቁልፉ ማብሪያ በቅርብ ካገናኙ፣ የሪሞቱም ትእዛዝ በዚያው ጥበቃ ውስጥ ያልፋል። አንዳንዶች ግን ሽቦውን በኮፈኑ ሥር፣ በቀጥታ በሞተሪኖው ጫፍ ላይ ያገናኛሉ፣ ምክንያቱም እዚያ ማግኘቱ ቀላል ስለሆነ። ይህን ማድረግ ጥበቃውን ሙሉ በሙሉ መዝለል ነው፤ ካምቢዮው ድራይቭ ላይ ተረስቶ እያለ ከኩሽና መስኮት ላይ ሪሞቱን የተጫነ ሰው መኪናውን ያለ ሾፌር ይሰደዋል።

መሣሪያው ሞተሩ በሪሞት ተነስቶ ሳለ ቁልፉ እንደገና ቢዞር ሞተሪኖው እንዳይነካካ የሚከላከል ከሆነ፣ የሞተሪኖው ሽቦ መቆረጥ ይኖርበታል። ከተቆረጠ በኋላ የትኛው ጫፍ የቁልፉ፣ የትኛው የሞተሪኖው እንደሆነ በግምት አይወሰን፤ ረዳቱ ቁልፉን ስታርት ላይ ሲያደርግ 12 ቮልት የሚያሳየው ጫፍ የቁልፉ ነው። ሌሎቹ ሽቦዎች ግን አይቆረጡም። ባትሪውን እንደገና ነቅለው፣ ከሽቦው ልባስ ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር ያህል ልጠው፣ የመሣሪያውን ሽቦ አጥብቀው ጠምጥመው ይበይዱትና በጥሩ ናስትሮ ይሸፍኑ። ነክሶ የሚይዘው የፕላስቲክ ማያያዣ ለመብራት ሽቦ ይበቃ ይሆናል፤ 20 እና 30 አምፔር በሚያልፍበት ሽቦ ላይ ግን ይሞቃል፣ ይላላል፣ በመጨረሻም ይቀልጣል። የመሣሪያውን ማሳ በተገኘው ማንኛውም ጥቁር ሽቦ ላይ ሳይሆን ቀለሙ በተፋቀ የመኪናው ብረት ላይ በብሎን ያሰሩ።

ከዋናዎቹ ውጭ የሚቀሩት ሽቦዎች ቀላል ናቸው። የፍሬኑ ሽቦ ፔዳሉ ሲረገጥ 12 ቮልት የሚያሳየው ሲሆን፣ ማንም ሰው ያለ ቁልፍ ገብቶ ፍሬን ሲረግጥ ሞተሩ እንዲጠፋ የሚያደርገው እሱ ስለሆነ አይተውም። የኮፈኑ ማብሪያም እንዲሁ፤ ሜካኒክ ኮፈኑን ከፍቶ እጁን ቀበቶው ላይ ባደረገበት ሰዓት መኪናው በሪሞት እንዳይነሳ ይጠብቀዋል።

የቁልፉ ቺፕ እና የመጨረሻው ሙከራ

ሽቦዎቹ ሁሉ በትክክል ተገናኝተው መኪናው አልነሳ ሊል ይችላል። በካናዳ ከሴፕቴምበር 1 ቀን 2007 ጀምሮ አዲስ መኪና ሁሉ ሌባን የሚከላከል ኢሞቢላይዘር እንዲኖረው በሕግ ተደንግጓል፤ በአሜሪካም ብዙ ሞዴሎች ከዚያ በፊት ጀምሮ አላቸው። ቺፑ ያለበት ቁልፍ ቀዳዳው አጠገብ ከሌለ ሞተሪኖው ይዞራል፣ ሞተሩ ግን ወይ አይነሳም፣ ወይ ተነስቶ በአንድ ሁለት ሰከንድ ይጠፋል፤ በዳሽቦርዱ ላይም የቁልፍ ምልክት ያለው መብራት ብልጭ ድርግም ይላል። ይህን ያየ ሰው የኢግኒሽን ሽቦውን መጠራጠር ከመጀመሩ በፊት አንድ ቀላል ሙከራ ያድርግ፤ ቁልፉን ሳያዞር በቀዳዳው ውስጥ ሰክቶ በሪሞት ያስነሳ። በዚህ ከተነሳ ሽቦዎቹ ትክክል ናቸው፣ የጎደለው ለዚያ መኪና የሚስማማው የቺፕ ማለፊያ ሞጁል ነው።

ሽፋኑን ከመመለስዎ በፊት መኪናውን ከቤት ውጭ አውጥተው፣ ፊትና ኋላው ባዶ መሆኑን አይተው፣ የእጅ ፍሬኑን ስበውና የመሣሪያውን የፍሬን ሽቦ ለጊዜው ነቅለው፣ ሾፌር ወንበር ላይ ሆነው እግርዎን ፍሬን ላይ አጥብቀው ካምቢዮውን ድራይቭ ላይ ያድርጉና በሪሞት ለማስነሳት ይሞክሩ። ሞተሪኖው መንቀሳቀስ የለበትም። ከተንቀሳቀሰ ወዲያው አጥፍተው የሞተሪኖውን ግንኙነት ይመርምሩ፤ ይህ ሳይስተካከል መኪናው ለባለቤቱ አይሰጥም። ካለፈ የፍሬኑን ሽቦ መልሰው ፓርክ ላይ በሪሞት ያስነሱት፤ ማሞቂያውን ወደ ከፍተኛ፣ ነፋሱንም ወደ ፊት መስታወት አድርገው ማራገቢያው በእርግጥ መሥራቱን በእጅዎ ይዳስሱ፤ ከዚያ ፍሬን ሲረገጥና ኮፈኑ ሲከፈት ሞተሩ መጥፋቱን ይመልከቱ። ባለቤቱ መኪናውን ከቤት ጋር በተያያዘ ጋራዥ ውስጥ የሚያቆም ከሆነ የጋራዡ በር ተዘግቶ ሪሞቱን እንዳይጫን በግልጽ ይንገሩት፤ የጭስ ማውጫው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም ስለሌለው በግድግዳው በኩል ወደ መኝታ ክፍል ሲገባ ማንም አያውቀውም።

ቮልቶቹን የጻፉበትን ያን ወረቀት አይጣሉት። የሽቦው ቀለም፣ በሶኬቱ ውስጥ ያለው ቦታ፣ በአራቱ ማረፊያዎች ያሳየው ቁጥርና ከመሣሪያው የትኛው ሽቦ ጋር እንደተገናኘ ጽፈው በፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ አድርገው ከፊውዝ ሳጥኑ ሽፋን ጀርባ ያስቀምጡት፤ ከዓመታት በኋላ ያንን ሽፋን የሚከፍተው ሌላ ባለሙያ ፍለጋውን ከመጀመሪያው እንዳይጀምር።